ለራሱ ሽማግሌ የሆነው ኡርጌሳ

«አንዲት ቃል ብጨምር ምላሴ እዚሁ ይድረቅ!» ይላል ኡርጌሳ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች መሀል ቆሞ በተዋሰው ጋቢ ተጀቡኖ። «ይህን ልጅ በዐይኔ አይቻለሁ። ጀርመን አገር፣ ላይፕሲግ አብሬው ነበርኩ።»

ልጅ የሚለው ራሱን ነው። አግቢ ሽማግሌ ልኮ ቤቱ ይቀመጣል እንጂ አብሮ አይሄድም፤ ኡርጌሳን በልኩ የሚያሞግስ ሽማግሌ ግን ከሞጆ እስከ ቡልቡላ ቢፈለግ ታጣ። የልጅቷ አባት አቶ ገመዳ መልኩን አያውቁም፤ ሽበቱም ለሦስት ሽማግሌ ይበቃል። ልጃቸውን አሳየችን ዛሬ ካልፈቀዱለት አለቀለት፤ ሰውየው አንዴ እምቢ ካሉ ናዝሬት ሙሉ ቢለምናቸው አይመለሱም።

«ሥራው ምንድን ነው ልጃችሁ?» ይላሉ አቶ ገመዳ። ወንጂ ሸንኮራ ሲያስቆርጡ ያረጁ ናቸው።

«ቫይረስ መግደል! የከብት አፍ የሚያቆስለውን። ቫይረስ ማለት ጌታዬ፣ አካሉን እንደ አገዳ በረጅሙ ያበቅልና ኢንዛይም በሚሉት ገጀራ ይቆራርጠዋል። ካልተቆረጠ ከንቱ ነው። ገጀራው ደግሞ እንደ ጨሌ ከተሰካኩ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው። ልጃችን ከመሀል አንዲቷን መዘዘና ሌላ ተካ። ገጀራው ዱልዱም! የጀርመን ላም በሙሉ ዳነ። ጓድ ፕሮፌሰሮቹ በትከሻቸው ተሸክመው ከተማውን አዞሩት!»

«ያ ዋቃዮ!» ይላሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ፈዬራ፣ የጋቢው ባለቤት። መንገድ ላይ ሲነግራቸው የዳኑት ላሞች የአንድ ወረዳ ብቻ ነበሩ።

አቶ ገመዳ ጢማቸውን ይዳብሳሉ። «ይኼስ ሙያ ነው። አሳየች! ነይ እስቲ፣ አንቺም እዚያው አልነበርሽም?»

ኡርጌሳ የደፈረው ልጅቷ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም ብሎ ነው። የጓዳው መጋረጃ ሲገለጥ ከጋቢው ሥር አዋሽን የሚያህል ላብ ይወርዳል። አሳየች ከእግሩ እስከ ራሱ ታየዋለች፤ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ገጀራው አልደነዘም፣ አባዬ» ትላለች በለሆሳስ። «አንዷ አሲድ ስትለወጥ ጭራሽ እጥፍ ይቆርጥ ጀመር። የለወጥኳትም እኔ ነኝ። የዳነ ላም የለም፤ ሁሉም ነገር ብልቃጥ ውስጥ ነበር። ማንም ማንንም አልተሸከመም።»

ጋሽ ፈዬራ ጣራ ጣራውን ያያሉ።

«ሥራዬ ተበላሸ ብዬ ሳለቅስ፣ ‹አዲስ ነገር አገኘች!› ብለው ለሕንፃው ሁሉ የለፈፉልኝ ግን እኚህ ሽማግሌ ናቸው።»

«እኚህ?» ይላሉ አባቷ።

«እኚሁ። አግቢውም እሳቸው ናቸው።» ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል ታደርጋለች። «ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን በሏቸው።»