ወገብ የሚያወጣ ጂንስ

ትርንጎ መርካቶ ውስጥ ጂንስ መሸጥ ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። የሴትን ቁመና አንዴ አየት አድርጋ የትኛው ሱሪ እንደሚያምርባት ታውቃለች።

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ገባና፣ «ለባለቤቴ ልደት ጂንስ ፈልጌ ነበር» አላት።

«ቅርጿ እንዴት ነው?»

ሰውየው በሁለት እጁ አየር ላይ በርሜል ሣለ። «ወገብ የሚባል አልፈጠረባትም።»

«ወገብ የሌላት ሴት የለችም» አለች ትርንጎ። «ከላይ ወገብ የሚይዝ፣ ከታች ሰፋ የሚል ጂንስ ካደረገች ይወጣል። ያቺን ይመልከቱ፤ በሰፊ ቀሚስ ነበር የገባችው፤ አሁን ሱሪውን ለካችው።»

ጥግ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቀበቶ ታማርጣለች። ሰውየው ዓይኑ እዚያው ተተክሎ ቀረ።

«እህቴ፣ እንዲህ ያለች ሚስት ብትኖረኝማ መች ከቤት እወጣ ነበር?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወዲያው ኮሌታውን አስተካክሎ ወደ ሴትየዋ ጠጋ አለ።

«እመቤቴ፣ ሻይ ብጋብዝዎት ቅር ይልዎታል?»

ሴትየዋ ዞረች።

«ኧረ ደስ ይለኛል፣ ይርጋ» አለችው ባለቤቱ። «ከሠርጋችን ወዲህ ስትጋብዘኝ ይኼ የመጀመሪያህ ነው።»