የመሐል ሜዳዋ ድምፅ

የጌታሰው ፓርቲ ምርጫውን ካሸነፈ አራት ዓመት ሆነው። ሕጉ ከግማሽ በላይ መራጭ የሚደግፈው መሪ ሥልጣን እንዲለቅም ሆነ ከቤተ መንግሥቱ ግቢ እንዲወጣ አይፈቅድም። ሚስቱ ብርቄ ለምርጫው የገዛችለትን ጫማ ስትወለውል ሶሉ ዛሬም አዲስ ነው።

ዘይት ከተወደደ ወዲህ መራጩ የሰጠውን ድምፅ በስልኩ እያነሳ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የድጋፍ ቁጥር ሲወርድ ቆይቶ፣ ዛሬ ከግማሽ የሚበልጠው በአንድ ድምፅ ብቻ ነው። ጌታሰው መሐል ሜዳ ታመው ለተኙት እናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ ድምፅሽን አንሺ። ስልኩ ላይ ቀዩን ከተጫንሽ ዛሬውኑ እመጣለሁ።»

«ሰው ሁሉ ሲከዳህ እኔም ልጨመር?»

«ልይሽ ብዬ ነው እኮ!»

«ለአንተ ስል ከዕድርተኛው ሁሉ ተኳርፌ! ‹እናቱ እንኳ ጣለችው› ብለው ይሳቁብኝ?» ሳል አቋረጣቸው።

«እባክሽ፣ እማዬ።»

«አይዞህ የኔ ጌታ። እኔ በሕይወት እያለሁ ያቺ ድምፅ አትጎድልብህም።»

ስልኩ ተዘጋ። ቁጥሩ አልተነቃነቀም።

ብርቄ የወለወለችውን ጫማ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። ጥቂት ቆይታ፣ ባሏን ሳታየው፣ ከቁም ሳጥኑ ጥቁር ኮቱን አውጥታ ከጫማው በላይ ሰቀለችው።