እግርዎን ያንሱ

«እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ያንሱ፣ ጋሼ፤ አንድ ደቂቃ በራሷ ትሥራ» አለች መርማሪዋ፣ የጭሱን መለኪያ ቱቦ በአሮጌዋ ጭነት መኪና የጭስ መውጫ ማርሚታ ውስጥ ሰክታ። ሽማግሌው ሾፌር እባብ እንደረገጠ ሰው እግሩን ቀስ አድርጎ አነሳ። መኪናዋ ይህን የጭስ ምርመራ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ዛሬ ደግሞ ከወደቀች መንገዷ በቀጥታ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ጭሷ ውስጥ የገባች ርግብ ቁራ ሆና ትወጣለች የተባለላት እሷ ነበረች። እሱ ግን ጠዋት ካርቡሬተሯን ፈታትቶ አጥቦ፣ ቤንዚን በጠብታ እንድትጠጣ ብሎኑን አጥብቆ ነበር ያመጣት።

ግድግዳው ላይ ያለው የጭስ መለኪያው ቁጥር መውረድ ጀመረ። ሰባት፣ አምስት፣ ሦስት። «አየሽ ልጄ! ምጥን አድርጌ ነው ያበላኋት!» ብሎ ጮኸ። አርባ ዓመት ሞተር አጠገብ የኖረ ጆሮ የገዛ ጩኸቱንም በደንብ አይሰማም። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦታል፤ መሪውም እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጣል። ሁለት። አንድ። ዜሮ!

መርማሪዋ በመስኮቱ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ሞተሩ ጠፍቷል እኮ።»

«ምን አልሽ?»

«ጠፍቷል! የጠፋ ሞተር ምን ብሎ ያጨሳል?»

«ኧረ በፈጠረሽ! ይኸው መሪው ይንቀጠቀጥ የለም እንዴ!»

መርማሪዋ እጇን በመስኮቱ አስገብታ የእሱን እጆች አንድ በአንድ፣ ቀስ አድርጋ ከመሪው ላይ አነሳቻቸው። መሪው ቀጥ አለ። እጆቹ ግን ጭኑ ላይ ሆነውም መንቀጥቀጣቸውን አላቆሙም።