ጭኑን የያዘው እጅ

ልብስ ሰፊው በየዓመቱ ኤምአርአይ ይነሳል። በእናቱ ወገን የወረደው በሽታ የእግሩን ጡንቻ እየበላ በምትኩ ስብ ያስቀምጣል። ዘንድሮ የጀመረው መድኃኒት ይሥራ አይሥራ የሚታወቀው ከምስሉ ነው።

የመጀመሪያው ምስል ደብዝዞ ወጣ። አንሺዋ ባለሙያ ከጎን ካለው ክፍል በመስታወቱ እያየችው በማይክሮፎን ተቆጣች።

“እግርህን አታንቀሳቅስ ብዬህ ነበር እኮ!”

“እህቴ፣ እግሬ እሺ ቢለኝማ በሩጫ እመጣ ነበር!” አላት ከማሽኑ ውስጥ።

ነገሩ አላማራትም። ደግማ አነሳችው። አሁን ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ የሳሳው ጡንቻ፣ የጭኑ አጥንት፣ ጭኑን ጨብጠው የያዙ አምስት ጣቶችም ጭምር። ቀና ብላ አየች። የልብስ ሰፊው ሁለት እጆች ደረቱ ላይ ተጣምረዋል።

እናትየውን ጠረጠረች። ቅድም “ልጄ ብቻውን አይገባም” ብለው ሲያስቸግሯት ነበር፤ ሳታያቸው ሹልክ ብለው ገብተው ይሆናል።

“እማማ፣ እጅዎን ከልጅዎ ላይ ያንሱ!” አለች በማይክሮፎኑ።

“እኔን ነው፣ ልጄ?” አሉ እናትየው ከጀርባዋ፣ በሩ ላይ ቆመው።

ሁለቱም ወደ መስታወቱ ዞሩ። በድምፅ ማጉያው የልብስ ሰፊው ድምፅ መጣ።

“እማዬ፣ ለቀቅ አድርጊኝ። እጅሽ ቀዘቀዘኝ።”