በሊሾ ላይ የቀረ ዱካ

ሎሚ መጥረጊያውን አንዴ ሳብ ብታደርገው ጭቃው በመነሣት ፈንታ እንደ ቅቤ ተለቀለቀ። ቅድም በየቦታው ዱካ ነበር፤ አሁን ዱካው ረዝሞ ከበሩ እስከ ጓዳ ተዘረጋ። ባሰባት።

«ሎሚዬ!» አለች ጎረቤቷ አማረች በአጥሩ ቀዳዳ። «አብዮት ጥበቃዎች ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው። ከላይ ጀምረው አሁን ባየ ቤት ገብተዋል።» አማረች ማርያምን ብላ የምትምል ሴት ናት፤ የጴንጤ ነገር አይገባትም። የጎረቤት ነገር ግን ይገባታል። ይህን ብላ ከአጥሩ ራቀች።

ከባየ ቤት እስከ ሎሚ ቤት ሦስት በር ነው።

ጎሕ ሲቀድ እዚህ ወለል ላይ አሥራ ስምንት ሰው ተንበርክኮ ነበር። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ እየተዘዋወሩ በሹክሹክታ ይጸልያሉ፤ ዛሬ ተራው የሎሚ ነበር። በዝናብ መጥተው፣ በዝናብ ሁለት ሁለት እየሆኑ በጓሮ በቡናው መሐል ወጡ። የግቢውን ዱካ ዝናቡ ጠርጎ ወስዶላታል። የቤቱን ግን እግዚአብሔር ለሎሚ ተወላት።

ጥፋቱ የሊሾው ነው። የሠፈሩ ሰው በአፈር ወለል ሲኖር፣ ባሏ ሳህሉ «እኔስ ከማን አንሼ!» ብሎ ዓምና በሲሚንቶ አስለሰነው። አፈር ቢሆን ኖሮ ጭቃ በጭቃ ላይ ነው፤ ማን ይቆጥረዋል? ሊሾ ግን ገበና አያውቅም። ባዶ እግሩ ከነአምስት ጣቱ፣ ኮንጎ ጫማው፣ በረባሶው፣ መዳፍ የማትሞላዋ የሕፃን እግር ሳትቀር፣ ሁሉም በሚዛን ከተማ ቀይ ጭቃ ተፈርሞበታል። ባለፈው ወር አንድ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ሰው ሲጸልይ ተገኝቶ፣ የቤቱ ጌታ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሎሚ እንግዶች የዚያ እጥፍ ነበሩ። ሳህሉ ፍተሻውን ሳያውቅ ሥራው ላይ ነው፤ ሲመጡ ግን የሚጠሩት የእሱን ስም ነው።

መጥረጊያውን ወረወረችና ያገኘችውን አሮጌ ጋቢ ባልዲ ውስጥ ነከረች። ጋቢ ውኃ ይጠጣል እንጂ ጭቃ አይነክስም፤ ይህ የገባት ወለሉ ሁሉ በሬ የታረደበት ከመሰለ በኋላ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ጆንያ! እናቷ የሰው ቤት ስታጥብ በምን ነበር የምታጥበው? ወደ ጓዳ ሮጠች። ያላት አንድ የቡና ጆንያ በቆሎ ሞልቶበታል። በቆሎውን አልጋው ላይ ዘረገፈችው፤ ሳህሉ ቢያይ አበደች ይል ነበር። ጆንያውን በቢላዋ ለሁለት ተረተረች፣ ነከረች፣ ሳትጨምቅ ጥላ በሁለት እጇ ገፋችው።

ነከሰ። ሻካራው ክር ጭቃውን ከሊሾው ላይ ፈልቅቆ አነሣው። ከማዕዘን ጀምራ ወደ ኋላዋ እየሄደች፣ የራሷንም ዱካ እየጠረገች ወረደች። የሽማግሌው እንድርያስ የጉልበት ዱካ ሄደ። የሕፃኗ እግር ሄደ። የመጀመሪያውን ባልዲ እንሰቱ ሥር ደፍታ፣ ከጣራው ፍሳሽ ሞልታ ተመለሰች። ሁለተኛውን ባልዲ አንጠልጥላ ልትወጣ ስትል በሩ ተንኳኳ፤ ሳትመልስም ተከፈተ።

ኢሳይያስና ታምሩ ናቸው፤ ሁለቱም የሠፈሩ ልጆች፣ ሁለቱም ጠመንጃ ያነገቱ። ታምሩ «ጓሮውን ልይ» ብሎ በቤቱ ዙሪያ ዞረ። ኢሳይያስ በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን አየ። ሊሾው ፊት ያሳያል። ሎሚ ትንፋሿ መለስ አለላት።

«በዝናብ ቀን ቤት ይታጠባል እንዴ፣ እትዬ ሎሚ?»

«ጭቃ ገብቶብኝ ነው» አለች። ይህስ እውነት ነው።

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?»

«ሁለት። እኔና ሳህሉ።»

ኢሳይያስ ዓይኑን ከወለሉ ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ ባልዲው አወረደ። ያን ጊዜ ለእሷም ታያት። ጭቃው የትም አልሄደም፤ ከወለሉ ተነሥቶ ባልዲ ውስጥ ገባ እንጂ። ገንፎ ሊሆን ምንም አልቀረው። የባልና ሚስት እግር ክረምቱን ሙሉ ቢኳትን ይህን አያመጣም።

«ታዲያ ይህ ሁሉ የሁለት ሰው ጭቃ ነው?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ባልዲውን ወደ ኋላዋ ልትሸሽግ ሳበችው።

«ጓድ ኢሳይያስ!» አለ ታምሩ ከጓሮ። «ያገኘኸው ነገር አለ?» ኮቴው ጭቃውን እያንቦጫረቀ ወደ በሩ መጣ።

ኢሳይያስ ባልዲውን ከእጇ ነጥቆ ደጃፉ ላይ አስቀመጠና፣ ጭቃ የለበሰ ከስክስ ጫማውን እንዳጠለቀ እግሩን ከተተው። ቀዩ ውኃ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ፈሰሰ።

«ምን ሆነሃል?» አለ ታምሩ።

«እየታጠብኩ ነዋ! ሴትዮዋ ያጠበችውን ቤት በኛ ጭቃ እናበላሸው? አንተም ታጠብና ግባ።»

ታምሩ ባልዲውን አጎንብሶ አየ። «ወይ ጉድ፣ እግራችን ይህን ያህል ተሸክሞ ኖሯል!» ብሎ ሳቀ። የራሱንም ጫማ ሊነክር ተራውን ይጠብቅ ጀመር።

ሎሚ ተንበረከከች። በጆንያው የኢሳይያስን ጫማ ያዘችና ታሸው ጀመር። ቀና ብላ ፊቱን ለማየት አልደፈረችም። እጇ ውስጥ ያለው እግር ግን ብርድ እንደመታው ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር።