የማር አፉ ፈተና

መምህሩ የፈተናውን ሕግ ሰኞ ጠዋት ነገሯቸው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የይለፍ ቃል ይመርጣል፤ በፖስታ አሽጎ ለመምህሩ ያስረክባል። እስከ አርብ የሌላ ተማሪ ቃል ያላመጣ ይወድቃል። የራሱን ያስወሰደም ይወድቃል። ኮምፒዩተር መንካት፣ ስልክ መበርበር፣ ኪስ መግባት ክልክል ነው።

«በር የሚሰብር ሌባ ድሮ ቀረ» አሉ መምህሩ። «የዛሬው ሌባ ቁልፉን ከባለቤቱ አፍ ነው የሚቀበለው።»

ትምህርቱ የሳይበር ደህንነት ምህንድስና ይባላል። በየሰፈሩ ወሬ ማውጣት የሚባለው ነገር፣ ባሕር ማዶ ሲሄዱ ዲግሪ ይሰጥበታል።

ከተማሪዎቹ ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ናቸው። አንዱን ጭምቱ ይሉታል፤ ሌላውን ማር አፉ። የሚኖሩት በአንድ ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የአውቶቡስ ጋራዥ የሚታይበት አንድ መስኮት።

ጭምቱ በዚህ ፈተና ከወደቀ የነፃ ትምህርቱ ይሰረዛል፤ ቪዛውም አብሮ ይሄዳል። አገር ቤት አጎቱ የመጋዘን ዘበኝነት ይዘው ይጠብቁታል። «ጥበቃ ከሆነ የምትማረው እዚህም በር ሞልቷል» ብለው ነበር የሸኙት።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ እናቱ በቪዲዮ ደወለች። ማር አፉ ገላውን ሊታጠብ ወጥቷል። ጭምቱ ስለ ፈተናው አንድ በአንድ ነገራት።

«ቃልህ ምንድን ነው?» አለችው።

«አይነገርም እማዬ።»

«ዘጠኝ ወር ስሸከምህ እኔ ፓስወርድ ጠይቄህ ነበር?»

ነገራት። ጆሮዋን አቅርባ ሰማች፤ ሁለቴ አስደገመችው።

«ይሄን ካላስወሰድክ አለፍክ ማለት ነው?»

«አይ፣ የሌላ ሰውም ማምጣት አለብኝ። የማንም ይሁን።»

«አገኘህ?»

«ሰው ማናገር እንደማልችልበት ታውቂ የለ።»

«አውቃለሁ። በአባትህ ወጥተህ ነው።»

ይሄኔ ማር አፉ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ። ሳይጠሩት አንገቱን በጭምቱ ትከሻ አሳልፎ ስልኩ ውስጥ ብቅ አለ።

«እንዴት ዋሉ እማማ? ልጅዎ ስለ እርስዎ አውርቶ አይጠግብም።»

ጭምቱ ስለ እናቱ አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም።

«ተባረክ። አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» አለች እናት።

ማር አፉ ስልኩን ከጭምቱ እጅ ቀስ አድርጎ ወሰደና አልጋው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። የአባቱን ስም ነገራት፤ አያቱንም ጨመረላት። ሲጨርስ ቁጥሯን ጠይቆ መዝግቧል።

ረቡዕ ጭምቱ ከቤተ መጻሕፍት ሲመለስ፣ ማር አፉ እግሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ስልክ ያወራል። ከወዲያ የሚሰማው የጭምቱ እናት ሳቅ ነው።

«ሙች በለኝ» ትላለች። «ከዚያስ?»

ጭምቱ ስልኩን ነጠቀው።

«እማዬ፣ ይሄ ልጅ ለምን እንደሚደውልልሽ ገብቶሻል?»

«ሆድ ብሶት ነዋ። የእሱ እናት ስልክ ስታወራ ሁለት ደቂቃ አትሞላም አሉ።»

«ሌባ ነው እኮ።»

«ይሁና። ምሳ በላሽ ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ አንተ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ሁለተኛ እንዳታናግሪው።»

«በገዛ ስልኬ ማንን እንደማናግር አንተ አትመርጥልኝም» ብላ ዘጋችበት።

ጭምቱ አኮረፈ። ሐሙስ ጠዋት ደወለች፤ አላነሳም። ቀትር ላይ ደወለች፤ አላነሳም። እስከ አሥር ሰዓት ሰባት ጊዜ ጠራ። የምትደውለው ይቅርታ ልትለምነው እንደሆነ እርግጠኛ ነበር፤ ስልኩን ትራሱ ሥር ከቶ ተቀመጠበት።

ማር አፉ እያፏጨ ሸሚዙን ይተኩሳል።

«እናትህ ወርቅ ናቸው» አለው። «እንደሳቸው ያለ ግልጽ ሰው አይቼ አላውቅም። ከሆዳቸው የሚያስቀሩት ነገር የለም።»

ጭምቱ ከተቀመጠበት ተነሳ። ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ጎትቶ አቧራውን ጠረገ።

አርብ ጠዋት ተማሪዎቹ በመምህሩ ቢሮ በር ላይ ተሰለፉ። የሚገቡት አንድ በአንድ ነው። ማር አፉ ከጭምቱ ፊት ቆሟል፤ በሁለት ጣቱ የታጠፈች ወረቀት ይዟል።

«እንዳይከፋህ» አለው ዞር ብሎ። «ምንም አላስጨነቅኳቸውም። ራሳቸው ናቸው ፊደል በፊደል ያስጻፉኝ።»

«የእናቴን ስም አትጥራ።»

«ለዘበኝነቱም እኮ ጥሩ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ።»

በሩ ተከፈተ፤ ማር አፉ ኮሌታውን አስተካክሎ ገባ። በሩ ተዘጋ።

ጭምቱ ግድግዳውን ተደገፈ። በእጁ ባዶ ወረቀት ነው የያዘው። አራት ቀን ሙሉ የራሱን ሲጠብቅ የማንንም ቃል ሳይጠይቅ ቀርቷል፤ የጠበቀውም ቃል ይኸው በሰው እጅ ገብቷል።

ስልኩ ጠራ። ስምንተኛው ነው። የሆዱን ሊነግራት አነሳው።

«ነገርሽው አይደል?» አላት። «ልጅሽን ለሰው አሳልፈሽ ሰጠሽ?»

«የጎረቤታችንን ውሻ ስም ነው የነገርኩት፤ አሁን አፍህን ዝጋና እስክሪብቶ ያዝ፣ የሱን ቃል ላስጽፍህ።»