ቀይ ምልክት

አረጋሽ መካኒክ አታምንም። በተለይ ዳባን። ባሏ ግዛው በሕይወት ሳለ ዳባን እንደ ወንድሙ ያየው ነበር፤ እሷ ግን ያኔም ልቧ አልተቀበለውም። ዳባ ሳሪስ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ አለው። ሲያነጋግሩት ሰው አያይም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሞተር ድምፅ ያዳምጣል። የሰው ዓይን የማያይ የሚደብቀው ነገር አለው ባይ ናት።

ግዛው ሲሞት የተወላት ሦስት ልጆችና አንዲት ሚኒባስ ታክሲ ነው። ታክሲዋ ከቆመች ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ። የመኪናዋ መንትያ ያለችው ወንድሟ ደምሰው ዘንድ ነው፤ እሱና ግዛው በአንድ ቀን ከአንድ ሰው ነበር የገዟቸው። የደምሰው መኪና በየማለዳው ከሃና ማርያም ስትነሳ «ጓ!» ስለምትል፣ ጎረቤቱ ሰዓት ሳያይ «ደምሰው ወጣ» ይላል።

በኅዳር 1989 የአረጋሽ ታክሲ ፍሪሲዮን ጨረሰች። ሹፌሯ ሲራክ እንደነገራት፣ እሱን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ካምቢዮው እንዲወርድ ደግሞ ከሱ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ረጅሙ ዘንግ ይፈታል።

ጋራዥ ውስጥ ደህና ዕቃ በአሮጌ እንደሚለወጥ ማን ያጣዋል? ባለመኪና ሁሉ የየራሱን ምልክት ያደርጋል። አረጋሽም ግዛው የገዛላትን፣ ከሞተ ወዲህ ያልነካችውን ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣች። ነጠላዋን ጥላ መኪናዋ ስር ገባችና ዘንጉ ላይ አንድ መስመር ቀባች። ለሲራክ እንኳ ሳትተነፍስ፣ መኪናዋን ግዛው ወደለመደው ወደ ዳባ ጋራዥ ላከቻት።

ቅዳሜ ዳባ ጨርሻለሁ ብሎ ላከባት። የዚያን ቀን ግን የዕድር ልቅሶ ነበረባት።

«አንቺ ልቅሶሽን ድረሺ፤ እኔ አመጣልሻለሁ» አላት ደምሰው። እንዲህ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አመጣላት። «ትናንት መሸብኝና እኔው ግቢ አሳደርኳት» አለ። ስትጨብጠው ጣቶቹን አጥፎ አንጓውን ሰጣት። እሷም አንጓውን ጨብጣ፣ መርቃው፣ ምሳ አቀረበችለት።

ሰኞ ሲራክ ሳይረፍድ ተመለሰ።

«እትዬ፣ መኪናዋ ታማለች። ስትነሳ ከሆዷ ብረት ይመታል። ፈጠን ስል ወለሉ እግሬ ስር ይንቀጠቀጣል።»

ስር ገብቶ ዘንጉን በሁለት እጁ ጨብጦ ወዲያና ወዲህ ጠመዘዘው። መጋጠሚያው ላይ ተንገጫገጨ።

«ክሮቸራው አልቋል። በዚህ ከሠራን አንድ ቀን ቃሊቲ መንገድ ላይ ተቆርጦ ሰው ይፈጃል።»

አረጋሽ እሱን ገፍታ ራሷ ገባች። ዘንጉን ዙሪያውን በመዳፏ ጠረገችው። ቀይ የሚባል ነገር የለም።

ሲራክ ቀስ እያለ ሳሪስ አደረሳት። ደምሰው ተነግሮት ስለነበር ቀድሟት ደርሶ፣ መኪናውን ከጋራዡ በር አቁሞ ጠበቃት።

«ሌባ!» አለች ገና ከበሩ። «አባት የሌላቸው ልጆች ጉሮሮ ላይ ትቆማለህ?»

ዳባ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ወይዘሮ አረጋሽ፣ ያወረድኩትን ዘንግ ነው መልሼ ያሰርኩት። ክሮቸራው ደህና ነበር፤ ግራሶ ብቻ ነው የሰጠሁት።»

ደምሰው ኮሌታውን ጨመደደው። «ባል የላትም ብለህ ነው? ወንድም የላትም?»

«በግዛው ነፍስ እምላለሁ…»

«ስሙን አትጥራ!» ጮኸች አረጋሽ።

ሰው ተሰበሰበ። ለጥገና የመጡ ሁለት ባለመኪናዎች እርስ በርስ ተያዩና መኪናቸውን አስነስተው ወጡ። ዳባ በዓይኑ ሸኛቸው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አረጋሽ ደስ አላት። ዛሬ ጋራዡን ሳታዘጋ፣ እሱንም ሳታሳስር ወደ ቤቷ አትመለስም።

«እንዳትክድ ደግሞ ምልክት አለኝ» አለችው። «ዘንጌን ሳልቀባ አልሰጠሁህም። ፖሊስ መጥቶ እዚህ ያለውን ብረት ሁሉ ያገላብጥልኛል!»

የደምሰው እጅ ከዳባ ኮሌታ ላይ ላላ።

«ምን ምልክት?» አላት። «የቱ ጋ?»

«ፖሊስ ሲመጣ አሳያለሁ።»

«እኔው አመጣዋለሁ» አለና የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ማንም ከዚህ ንቅንቅ እንዳይል!»

እየተቻኮለ ወጣ። ዳባ የተጨማደደ ኮሌታውን ሳያስተካክል አንገቱን ወደ በሩ ዘንበል አደረገ። አረጋሽም ሳታስበው ጆሮዋን ጣለች።

ደምሰው ሞተሩን አስነሳ፤ ማርሽ አስገባ፤ መኪናዋ ጓ ሳትል ሄደች።